ዘለበት የሚቆልፍ ሰው አታናግሩ

ኅዳር 4

ዛሬ ጥገና ብቻ። ከክለቡ ጀርባ ያለችው ክፍሌ ገብቼ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የጥርስ ሐኪሙን ክንፍ ዘረጋሁ። ሰውዬው ፓራግላይደር፣ ይህን በገመድ ተንጠልጥለን የምንበርበትን የጨርቅ ክንፍ፣ ማብረር ይችላል፤ ማጠፍ ግን… እግዜር ይይለት። እርጥብ ሣር ላይ አርፎ፣ እንዳለ ጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ ወትፎት ሄዷል። ስከፍተው ሽታው! እጥፋቱ መሐል አንዲት ፌንጣ ታፍና፣ መውጫ ስትፈልግ ጨርቁን ቦጭቃ ቦጭቃ ሞታለች። ቀዳዳውን ለጠፍኩ። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቴ ሄድኩባቸው… አንዱ ሽፋኑ ተፈትጎ ውስጡ ይታያል። እሱ ይቀየራል።

ክንፍ እርጥብ አይታጠፍም። ፀሐይ ላይም ተሰጥቶ አይውልም፣ ጨርቁ ይሞታል። ጥላ ውስጥ ነው የሚደርቀው። ስንቴ ተናገርኩ? እዚህ ቤት እኔን የሚሰማ የለም።

ላባን ግን ሁሉም ይሰማታል። ታናሽ እህቴን ማለቴ ነው። ስሙን ያወጣላት አሰልጣኙ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ገና ትንሽ እንደሮጠች መሬት ስትለቅ አይቶ «ይቺማ ላባ ናት!» አለ። ለእኔም አውጥቶልኛል። መርፌ። ስለምሰፋ ነው ይላል። ስለምወጋ ነው የሚሉም አሉ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

አስጠላኝ። ሁሉም ነገር አስጠላኝ።

ነፋሱ ከፊት፣ ለስላሳ። እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ክንፌን እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎበጥ አድርጌ ዘረጋሁ፣ ገመዶቹን ለየሁ፣ ቋጠሮ የለም፣ ሣር የያዘው የለም… ሳብ፣ ቀና ብሎ ማየት፣ መሮጥ። ንጹሕ በረራ። ያረፍኩትም ምልክቱ ላይ። አሰልጣኙ ምን አለ? «ደህና።» ደህና! ከዚህ ሰው አፍ ለእኔ ሌላ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ለዝናብም ደህና፣ ለሻይም ደህና፣ ለእኔም ደህና።

ቀጥላ ላባ ወጣች። ሞቅ ያለ አየር አግኝታ እየዞረች ከኮረብታው በላይ… ከሁላችንም በላይ… አሞራው ከሷ በታች። ሰው አንገቱን ሰቅሎ «ኧረ ይቺ ልጅ!» አሰልጣኙ ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያውን! ፀሐይ ሲያናውዘው እንኳ አውልቆ የማያውቀውን።

እኔው ነኝ ያመጣኋት። ሥራ አጥታ እኔ ጋ ስትመጣ «ክንፍ ማጠፍ ታግዘኝ» ብዬ የለመንኩላት እኔ። አልጋዬን ያካፈልኳት እኔ። የድሮ ሄልሜቴን የሰጠኋት እኔ። ይኸው ዓመት ከምናምን አለፋት፤ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

እማዬ ደወለች። «እህትሽን አደራ።» ለእሷስ እኔን አደራ የሚላት ማነው?

ኅዳር 12

ወሬው እውነት ነው። ለሁለት ሰው የሚሆነው ክንፍ መጥቷል፤ እንግዳ ከፊት አስቀምጠው የሚበሩበት። አሰልጣኙ አንድ ሰው አሠለጥናለሁ ብሏል። ወይ እኔን፣ ወይ ላባን። ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ አይቶ ይወስናል።

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። ይህ ካመለጠኝ ዕድሜዬን እዚህ ክፍል የሰው ቀዳዳ ስለጥፍ ልኖር ነው።

ማታ ላባ ፀጉሯን እያበጠረች «እታለም፣ ላንቺ ነው የሚሰጥሽ። ምን ጥያቄ አለው?» አለች። ከልቧ ነው? ካልሆነ ተንኮለኛ ናት። ከልቧ ከሆነ ደግሞ… እሱ ይብሳል።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ዝናብ። አልተበረረም። ላባ ስትዘፍን ዋለች። ድምጿም ያምራል። በቃ።

ኅዳር 16

ሰማዩ ጠራ። መነሻው ላይ ቆሜ የጭኔን ዘለበት ስቆልፍ የጥርስ ሐኪሙ መጣና «መርፌ፣ ክንፌ አለቀ እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ባንድ አፍ «ሻይ!» ብለው ጮኹ። ሰውዬው ግንባሩን መታ። እኔም ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ከመጀመሪያው።

የክለባችን ሕግ ነው። የምንታጠቀው መቀመጫ ሦስት ዘለበት አለው፤ ሁለት የጭን፣ አንድ የደረት። የደረቱ ብቻ ከተቆለፈ ሰው ቆሞ ሳለ ምንም አይታወቀውም፣ መቀመጫው ጀርባው ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ጉዱ የሚመጣው እግር መሬት ሲለቅ ነው። ከሥር የሚይዝ የለም። ሸርተት ብሎ በብብቱ ይንጠለጠላል… ክንዱ እስኪዝል። አሰልጣኙ ጓደኛውን ያጣው እንዲህ ነው። ጓደኛው ሰነፍ አልነበረም። ሊቆልፍ ጎንበስ ሲል አንድ ሰው ሰዓት ጠየቀው፣ ቀና ብሎ መለሰ፣ የቆለፈ መስሎት ሮጠ። በቃ።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳችን ላይ ተጽፏል። «ዘለበት የሚቆልፍ ሰው አታናግሩ። ዝም አይነቅዝም።» ያናገሩት ሰው ሁሉን ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ያናገረው ከኮረብታው ሥር ያለችው ሻይ ቤት ለሁሉም ሻይ ያዛል። አንድ ሰው «ሻይ በእኔ» ካለ ምን እንዳጠፋ የሚጠይቀው የለም። ይታወቃል።

ላባ ዛሬም ደረቷን አስቀድማ ቆለፈች። «የጭኑ ይቅደም» ስንቴ ተብላለች? አሰልጣኙ እኔን ቢሆን ያፈርጠኝ ነበር። እሷን ግን ሳቅ ብሎ «አንቺ ልጅ…»

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለ። ላባ ደህና ናት። ደህና ናት።

ኅዳር 23

ትከሻዬ አብጧል። በግራ እጄ ደግፌ ነው የምጽፈው። ሁሉንም እንደሆነው ልጻፈው…

አሰልጣኙ ታች ማረፊያው ሜዳ ላይ ነበር፣ በሬዲዮ ሊያዘን። ላይ እኔና ላባ፤ የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ ከማይሰማበት ራቅ ብሎ ክንፉን ይዘረጋል። የላባ ተራ ደረሰ። ክንፏ ተዘርግቷል። እሷ የደረቷን ቆልፋ ወደ ጭኗ ጎንበስ ስትል እጇን አየሁ። ጓንት። የአሰልጣኙ ጓንት! ያ ቡናማ ቆዳ፣ አውራ ጣቱ ላይ እኔ ራሴ የሰፋሁለት። ደሜ ፈላ።

«የማን ጓንት ነው ያደረግሽው?» አልኩ።

ቀና አለች። ሁለት እጇን ዘርግታ እንደ ሕፃን «የአሰልጣኙ! ትናንት ሰጠኝ። ሰፋኝ አይደል እታለም?»

ሬዲዮው ጮኸ። «ላባ፣ ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ውጪ!»

እሷም ዞረች። ገመዷን ያዘች። እኔ? እኔ ጓንቱን እያሰብኩ ነበር። ክንፉ ሞልቶ አናቷ ላይ ሲቆም፣ ሁለት እርምጃ ስትራመድ… ከጭኗ ኋላ ሁለቱ ማሰሪያዎች ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ አየሁ።

«ጣይው! ላባ ክንፉን ጣይው!»

ሰማችኝ። እየሳቀች አንገቷን ዘወር አድርጋ «ተይ እንጂ እታለም፣ ዛሬ እንኳ!» አለችኝ። ይህን መቼም አልረሳውም። ቅናት መሰላት። ለምን አይመስላት? ስንት ሳምንት ሙሉ ፊቴን ሳኮማትር ስትስቅልኝ የኖረች ልጅ። ላታውቅ ኖሯል እንዴ? እኔ ነኝ የደበቅኩ የመሰለኝ።

ሮጥኩ። መቀመጫዋን ከኋላ ጨምድጄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ባለኝ ክብደት ሁሉ። ክንፉ ሁለታችንንም ጎተተን፣ ተንከባለልን፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሲቀደድ ድምፁ ይሰማል። የጥርስ ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። «አበድሽ? ቅናትሽ እዚህ ደረሰ? የገዛ እህትሽን!» ከታች በሬዲዮ «ማነው የያዛት? ልቀቋት!»

ላባ ልትነሳ ስትል መቀመጫው ከወገቧ ሥር ሸርተት አለ። ዘለበቶቹ እንደ ቁልፍ ተጋጩ። የጥርስ ሐኪሙ አየ።  ላባም ወደ ታች፣ ወደ ጭኗ አየች። ከዚያ ወደ ገደሉ። ከዚያ ወደ እኔ።



ኅዳር 25

ዛሬ ሁሉም ሰው መርፌዬ፣ መርፌዬ። የጥርስ ሐኪሙ ይቅርታ ጠይቆ ጥርሴን በነፃ ሊያይልኝ ቃል ገባ። እማዬ ስልክ ላይ አለቀሰች፣ መረቀችኝ፣ ደግሞ አለቀሰች።

አሰልጣኙ ላባን ፊቴ ጠየቃት። «ስትቆልፊ ማን አናገረሽ?»

«ማንም» አለች። «እኔው ረሳሁት።»

አየችኝ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አየሁ።

«ዘለበት የረሳ ሰው ሦስት ወር አይበርም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ… ስንት ዓመት የጠበቅኩት… «ጎበዝ። ባለሁለቱ ክንፍ ያንቺ ነው። እንዲህ ዓይነት ዓይን ነው የምፈልገው።»

ጎበዝ አለኝ። ጎበዝ! እንደ ኮሶ መረረኝ።

ኅዳር 27

የላባን ክንፍ እየሰፋሁ ነው። ከዳር እስከ መሐል ተቀዷል። የተቀደደው ከተሰፋ በኋላ ገመዱ ሁሉ ይለካል፤ አንዱ እንኳ ከሌላው ካጠረ ክንፉ ወደ ጎን ይጎትታል። ላባ ጨርቁን ወጥራ ትይዝልኛለች። አላስቻለኝም።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ምኑን?»

«አንቺ ልጅ አታድርቂኝ። እያወቅሽው።»

ጨርቁን በእጇ ዳበሰች። «ስንት ጊዜ ጠብቀሽዋል እታለም። እኔ ገና ነኝ፣ እደርስበታለሁ።»

«ብትሞቺስ ኖሮ?»

«አልሞትኩማ። አንቺ ያዝሽኝ።»

በንዴት መርፌውን ጣቴ ላይ ሰካሁት። በመብረር በለጠችኝ፣ እሺ። በድምፅ፣ እሺ። አሁን ደግሞ በደግነት! ምን ተረፈልኝ? በእናታችሁ፣ ለእኔ ምን ተረፈልኝ? በዚህም ቀናሁባት እኮ። ጉዴን እዩ! ጥፋቴን ተሸክማልኝ፣ በመሸከሟ ቀናሁባት።

ማነው ዝም አይነቅዝም ያለው? የእኔ ዝምታ ይኸው ነቅዞ ሆዴ ውስጥ ይርመሰመሳል።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ከበረራ በኋላ ሁሉም ሻይ ቤቷ ውስጥ። የጥርስ ሐኪሙ ስለ ፌንጣዋ ይቀልዳል። ላባ ጥግ ላይ፣ ስላልበረረች የሰው ሄልሜት ታቅፋ። አሰልጣኙ የባለሁለቱን ክንፍ ልምምድ ከመቼ እንደምንጀምር እያወራ ነው። ተነሳሁ። 

«ሻይ በእኔ» አልኩ። «ለሁሉም።»

የጥርስ ሐኪሙ ሳቀ። «ምነው፣ ዛሬ ማንን አናገርሽ?»

«ዛሬ አይደለም።»

ሳቁ ቆመ። አሰልጣኙ ስኒውን አስቀመጠ። ላባን አየ፣ እኔን አየ። ላባ «እታለም፣ ተይ» አለች በሹክሹክታ።

«ባለፈው ቅዳሜ ነው» አልኩ። «ስለ ጓንትህ ነው የጠየቅኳት። ቀንቼ ነው።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን እያየ «ጓንቱን የሰጠኋት እኮ አንቺ ስለሰፋሽው ነው» አለ። «የእህትሽ ስፌት ነው፣ አይተረተርም ብዬ ነው የሰጠኋት።»

ከዚያ ፍርዱ። ሦስቱ ወር ወደ እኔ ዞረ። ባለሁለቱ ክንፍ ወደ ላባ። ለእሷም ቅጣት አልቀረላትም፤ ስለ ዋሸች ለሁለት ሳምንት የክለቡን ክንፍ ሁሉ ስታጥፍ ትሰነብታለች። ሻዩን ጠጥተው ወጡ። አንዱም እምቢ ብሎ ስኒውን አልተወም። ይህ ለምን እንዳስለቀሰኝ አላውቅም።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ለልምምድ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። አሰልጣኙ «መርፌ ትቀመጥ። ማብረር እንጂ መጫን አልተከለከለችም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ትንሽ።

ትንሿ ኮረብታ ላይ ላባ አስታጠቀችኝ። የጭኔን፣ የጭኔን፣ ከዚያ የደረቴን። በእጇ ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ከዚያ የራሷን። የጭኗን አስቀደመች። ልናገር የምፈልገው ነገር ነበረኝ። ከንፈሬን ነከስኩ። ነፋሱ ብቻ ሲናገር ቆየ።

ሮጥን። እግሬ ባዶ ቀረ። ከኋላዬ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ የክንፉን ፍሬን ገመድ ስትነካው እንደ ሕፃን ፀጉር ነው የምትነካው። እኔ እንዲህ አልነካውም። አውቄዋለሁ አሁን፣ ጆሮዬ ሥር ነው የሰማሁት። ቀናሁ? አዎ ቀናሁ። ውሸት ምን ያደርግልኛል? ግን ታች ያለውን መንገድ፣ የክለቡን ጣሪያ፣ የክፍሌን መስኮት ከላይ ሳይ ቆየሁና ቅናቱን ረሳሁት። አስታወስኩት። ደግሞ ረሳሁት።

ምልክቱ ላይ አረፈች። ክንፉ ከኋላችን ተኛ።

«እንዴት ነበር እታለም?»

«ደህና» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች።

ጎበዝ ልላት አፌን ስከፍት ዘለበቷን ለመፍታት ጎንበስ ብላለች። ሕጉ ስለ መፍታት አይልም። ቢሆንም ዝም አልኩ። ሦስቱንም ፈትታ፣ ቀና ብላ፣ ሄልሜቷን እስክታወልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ነገርኳት።