የጥጃው ሆድና የብርሃኔ ዓይን

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ጥጃው ዛሬ ማመስኳት ጀመረ፤ ተመስገን። የእኔ ልብ ግን አላረፈም።

ትናንት ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ሲነፋ ቀድማ የታሰበችኝ ጎረቤቴ ብርሃኔ ናት። ማክሰኞ ዕለት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ይሄ ጥጃ እንዴት ነው ያማረበት!» ስትል «ማርያም ትጠብቀው» አላለችም። ትናንት ደግሞ ዘይት ይዛ እየሮጠች መጣች። «አያ ካሳ፣ ቶሎ ያጠጡት!» ከእጇ አልተቀበልኩም፤ ደጃፍ አስቀምጣው ሄደች።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ጎኑን መታ መታ አደረገና «አባባ፣ ምን አበሉት?» አለኝ።

«ጭዱን ነዋ!»

«ጭድ ብቻውን እንዲህ አያስነፋም።»

ልጄ ለምለም አንገቷን ደፋች። «ቶሎ እንዲሰባ ብዬ ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ገብስ እሰጠዋለሁ።»

ሐኪሙ ሳቀ። «ይሄስ የአንድ ጣሳ ሆድ አይደለም። ያልለመደው እህል በአንዴ ሲበዛበት ሆዱ ውስጥ ይኮመጥጣል። ጭዱን አታጓድሉበት፤ እህሉን ቀስ በቀስ አስለምዱት።» የብርሃኔን ዘይት ከደጃፍ አንስቶ አጠጣው።

እኔ ጎንበስ ብዬ የጥጃውን ጎን አሻሸሁ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምቆይ፣ የቁርሴን ገብስ በስውር ለጥጃው ስሰጥ ነበር። ጽድቅ መስሎኝ።

ዛሬ ብርሃኔ ከአጥሩ ማዶ «ተሻለው፣ አያ ካሳ?» ስትል «ተመስገን» አልኳት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እጄ ግን ገመዱን ስቦ ጥጃውን ከዓይኗ ወደ በረት አስገባው።