እትዬ መጠን፦ ከፋብሪካው እስከ አልጋቸው ራስጌ

ውድ እህታችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መስከረም 4 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የአባታቸውን ሰዓቶች ይፈቱ ነበር፤ መግጠሙን ግን ለአባታቸው ይተዉላቸው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. በኤሌክትሮኒክስ ምሕንድስና ተመርቀው በአንድ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ኋላም በታካሚ ደም ሥር መድኃኒት የሚያንጠባጥቡ ማሽኖችን በኔትወርክ የሚያገናኘውን ሶፍትዌር ይሠሩ ጀመር። የመጣውን ሁሉ መጠኑን ሳይለኩ ስለማይቀበሉ፣ ባልደረቦቻቸው «እትዬ መጠን» አሏቸው።

በ1982 ዓ.ም. ከፋብሪካው በያጅ ጋር ትዳር መሠረቱ። የሙሽራው ወገን «ጥቂት ነን» ቢልም አላመኑም፤ ሰፊ አዳራሽ አስያዙ። አጃቢው ሲጎርፍ ማንም ቆሞ አልዋለም! ሴትና ወንድ ልጆችም አፈሩ።

ሥራቸውም ይኸው ነበር። ወደ ማሽኑ የሚላክ መልእክት ትንሽ ነኝ ብሎ ትልቅ ሆኖ ከመጣ፣ በሜሞሪው ውስጥ ከተመደበለት ቦታ አልፎ የጎረቤቱን ይደመስሳል፤ ማሽኑ ይቆማል፣ ወይም ክፉ ሰው እንዳሻው ያዘዋል። ፋብሪካው ከሌላ ድርጅት በገዛው ሶፍትዌር ውስጥ እትዬ መጠን ይህን ቀዳዳ አገኙ። አለቃቸው በስብሰባ ላይ «ማን ሥራ ፈት እንዲህ ያለ መልእክት ይልካል?» ቢሉ፣ እሳቸው «እኔ!» ብለው እዚያው ላኩት። ማሽኑም ጸጥ አለ! አለቃውም ሽያጩን አስቁመው ቀዳዳውን አስደፈኑ፤ ቀድሞ ለተሸጡት ማሽኖችም ማስተካከያው ተላከ።

በ2011 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። በ2016 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ፣ ዓይናቸው ራስጌያቸው ካለው የድሮ ፋብሪካቸው ማሽን የሶፍትዌር ቁጥር ላይ አረፈ፤ አሮጌው ነው! ማስተካከያውን የጫነው ሰው አልነበረም። ልጃቸው «እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ታካሚ ሁኚ» ብትላቸው፣ ወይ ፍንክች! የሆስፒታሉን ቴክኒሻን አስጠሩ። ነርሷ የየታካሚውን መድኃኒት በእጇ እየተቆጣጠረች፣ ቴክኒሻኑ የክፍሉን ማሽኖች አንድ በአንድ አስተካከለ። የራሳቸውን በመጨረሻ አስደረጉ። ቴክኒሻኑ ሲጨርስ፣ «በሉ አሁን አክሙኝ» አሉ።

ማሽኑ አንድም ጊዜ ሳይቆም አገለገላቸው። ሕመሙ ግን በረታባቸውና ሚያዝያ 11 ቀን በ65 ዓመታቸው ተለዩን። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ይህን የጻፍኩት እኔ ታናሽ እህታቸው እጅግ እናዝናለን፤ ደግሞም እንኮራለን። በሆስፒታሉ አጠገባቸው ተኝታ የነበረችው፣ ማሽኗን ያስተካከሉላት አንዲት እናት ድና፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ቆማለች።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሰፊ ማረፊያ ይስጥልን። ስፋቱን እንደሆነ ራሳቸው ይለኩታል።