የዘበኛው ጉበት

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለአለቃዬ፣ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቤቱን አከራይቼ፣ ውሻውን ለጎረቤታችን ሰጥቼ፣ ጠቅልዬ አንቺ ጋ የምመጣበትን ቀን እንድቆርጥ ጽፈሽልኝ ዝም ያልኩት ንቄሽ አይደለም። ዘበኛው ታሞብኝ ነው።

መቼም ዘበኛ ተብሎ ድመት የሚሸሽ ውሻ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። እናትሽ በጣቷ ወተት እያላሰች ስታሳድገው ትዝ ይልሻል? እኔ ስሰፋ ከስፌት መኪናው ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ይጋደማል፤ እሷ ከጎኔ ቁልፍ እየተከለች፣ “ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የማይመልስልኝ አንዱ ብቻ ነው” እያለች አንቺን ትነካካሽ ነበር። ያ ክፍል ያኔ እንዴት ይሞቅ ነበር፣ ልጄ። አሁን መኪናው ሲቆም የሰዓቱ ድምፅ ይሰማኛል።

በመጀመሪያ ምግብ እምቢ አለ። ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ መልሶ ያስመልሰዋል። ሆዱን ስነካው አቃሰተ። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ መርዝ ነው ሲል ሌላው እርጅና ነው አለ። እኔ ግን እናትሽን ሁለተኛ የምቀብር መሰለኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ወሰድኩት።

ድዱን ገልጣ ብታየው ቢጫ ሆኗል። ጉበቱን የያዘው ቫይረስ ነው አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተከትቧል አልኳት።

“የምን ክትባት?” አለች።

“የእብድ ውሻ ነዋ።”

“አባባ፣ እሱ ጉበቱን አይጠብቅለትም። የዚህ ክትባት ሌላ ነው፤ በቡችላነቱ ተጀምሮ ይደጋገማል።”

ውሃ ከየት እንደሚጠጣ ስትጠይቀኝ ጭንቅ አለኝ። እናትሽ ለመንገደኛ ውሻ ሁሉ በር ላይ የምታኖረውን ጎድጓዳ ሳህን ታውቂዋለሽ፤ ከሄደች በኋላም አንድ ቀን ሳልሞላው አላደርኩም። በሽታው ደግሞ ከውሻ ወደ ውሻ በሽንትና በምራቅ ነው አሉ የሚሄደው። እናትሽን ይቅርታ ጠይቄ ሳህኑን አነሳሁት፤ በበረኪናም አጠብኩት።

ለቫይረሱ ማጥፊያ መድኃኒት ስለሌለው በጉሉኮስ ደግፈው አቆዩት። ሲያገግም አንድ ዓይኑ ሰማያዊ ጉም ለበሰ፤ ደነገጥኩ። የዚሁ በሽታ ነገር ነው፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠራል አለችኝ። አሁን ይበላል፤ ድመቷንም እንደ ድሮው መሸሽ ጀምሯል፣ ተመስገን።

ችግሩ፣ ቢድንም ቫይረሱ ከሽንቱ ጋር ለወራት ይወጣል፤ ከሌላ ውሻ መራቅ አለበት። ጎረቤታችን ደግሞ ቡችሎች አሏት። እነሱን በካርቶን ይዤ ሄጄ አስከትቤያቸዋለሁ፤ ቢሆንም እሱን እዚያ መስደድ አይሆንም። ሐኪሟ ስድስት ወር፣ ቢበዛ ትንሽ ከዚያ በላይ አለች። እኔ ለጥንቃቄ ዓመት ይሁን ብያለሁ። እሱን ጥዬ የትም አልሄድም፤ አትቆጪኝ።

እሷ ያሳደገቻችሁን ሁለታችሁን በደህና ያኑርልኝ። ከክፉ ይጠብቅሽ፣ እጅሽ የያዘውን ይባርክልሽ።

ደግሞ ሐኪሟን ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ ይህ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም። አንቺ መምጣት ትችያለሽ።

አባትሽ