እሜቴ ፌንጣ በላች

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ አዲሱ ቤትሽስ እንዴት ይዞሻል? እኔና እናትሽ ደረጃ ስንወጣ ጉልበታችን ከሚያጉረመርመው በቀር ደህና ነን። ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን ምግብ የምትል ቃል ከአፌ በወጣች ቁጥር አንቺን ስብሰባ ይጠራሻል። የዛሬው ወሬዬ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የምግብ ነው። ወረቀት ስብሰባ የለበትም ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ዋናውን ላስቀድምልሽ፦ እሜቴ ፌንጣ በላች። ማንም ሳይለምናት፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ሁለት ፌንጣ። ይኸው አራት ሳምንቷ ነው፤ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ትበላለች፣ እግሯም መንቀጥቀጡን ትቷል። ኮርቻለሁ፣ አልደብቅሽም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ወጥ ቤት ለአራት መቶ ሰው ሳበስል፣ ጨው የሌለው ሾርባ "ድገመኝ" ያሰኘሁ ሰው ነኝ። ያኔ እንኳ እንዲህ ደረቴን አልነፋሁም።

እንግዲህ ማን ይናገር የነበረ፤ ጥፋቱንም ከእኔው ከራሴ ስሚው።

የድሮው አከራይሽ እንስሳ አላስገባም ብሎ እሜቴን፣ ያቺን ጌኮ የምትባል ባለነጠብጣብ እንሽላሊትሽን፣ ከነመስታወት ቤቷ እኛ ዘንድ ስትተዪያት፣ የምትበላውን ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፈሽልኝ ነበር። ፌንጣ፣ የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶበት። ያ የሰባው ነጭ ትል በሳምንት አንድ ብቻ፣ እንደ ከረሜላ። አነበብኩት። ግን ወጥ ቤት ውስጥ ያረጀሁ ሰው እንዴት ብዬ በወረቀት ልታዘዝ? በመጀመሪያው ቀን ትሉን በወረንጦ ሳቀርብላት አንገቷን አስግጋ ወሰደችና ከንፈሯን ላሰች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ ሁለት ሰጠኋት፣ በሳምንቱ አምስት። ፌንጣ ስታይ ፊቷን ማዞር ስትጀምር እኔም ፌንጣውን ተውኩት። ጅራቷ ሲደነድን ፎቶ አንስቼ "አባትሽ እንዴት እንዳወፈራት እዪ" ብዬ የላክሁልሽ ያኔ ነው። አንቺም "ትል አበዛህባት እንዴ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ኧረ በፍጹም" አልኩሽ። ዋሽቼሽ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ከዋሻዋ ስትወጣ የፊት እግሮቿ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። ድንጋዩ ላይ ልትወጣ ሞክራ በሆዷ ወደቀች። በጫማ ካርቶን አድርጌ፣ ካርቶኑን በሹራቤ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። እናትሽ "እንሽላሊት ከታቀፈ ሰው ጎን አልቀመጥም" ብላ አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። ግን አብራን መጣች።

ሐኪሟ ያንቺ እኩያ ናት። ራጅ አነሳቻትና አጥንቷ እየሳሳ መሆኑን አሳየችኝ። ትሉ ስብ ብቻ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለች መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ብትፈልግም ማኘክ አትችልም አለችኝ። የሚጨመርላትን ጠብታ ከሰጠችኝ በኋላ፣ "አባቴ፣ ስትበላ እርስዎ የት ነው የሚሆኑት?" ብላ ጠየቀችኝ። "የት እሆናለሁ፣ እላይዋ ላይ ነዋ፤ በሞቴ እያልኩ" አልኳት። ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን "በሞቴ ይቅርብዎት። ፌንጣውን ያስገቡና ከክፍሉ ይውጡ። ጅራቷ ስንቅ አለው፣ ሁለት ሳምንት ባትበላ ምንም አትሆንም። እርስዎ ቆመው ካየችዎት ግን የምትጠብቀው ትሉን ነው" አለችኝ።

ሥራውን እንኳ ለእኔ ተዪው። ፌንጣዎቹን ካሮትና ቅጠላ ቅጠል አበላኋቸው፤ የሚበላውን አስቀድሞ ማብላት የሚባል ሙያ በዚህ ዕድሜዬ መማሬ ደስ አሰኘኝ። ከዚያ ፌስታል ውስጥ ከዱቄቱ ጋር ከትቼ ነቅነቅ፣ ልክ ሊጠበስ የተዘጋጀ ዓሣ ዱቄት እንደሚለብሰው። የምትተኛበት ድንጋይ ሞቅ ካላለ ምግቡ አይፈጭላትምና ሙቀቱን ጠዋትና ማታ ለካሁ። የነጩን ትል ጭማቂ ፌንጣው ጀርባ ላይ መቀባቱን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ ነው። ለሐኪሟ ስነግራት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ያቃተኝ መውጣቱ ነው። በሩን ዘግቼ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኔ የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ገብቼ ብለምናት ዋሻዋ ውስጥ ገብታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በሰባተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ሁለት ትል በክብሪት ቀፎ ደብቄ ወደ ክፍሉ ሳመራ እናትሽ አየችኝ። ልብስ እየተኮሰች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "ልጅቷንም እንዲሁ ነው ያደረግካት" አለችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ትሉን መልሼ ወጥ ቤት ገባሁና ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ያን ምግብ እምቢ ያልሽበትን ዓመት አንስተነው አናውቅም። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ቀን ለአራት መቶ ሰው ሳበስል ውዬ፣ ራት ላይ ከወንበርሽ ጀርባ ቆሜ ማንኪያሽን እቆጥር ነበር። ሾርባውን ሦስት ጊዜ አሞቅልሽ ነበር። ከመሳቢያሽ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ዳቦ ያገኘሁ ቀን የጮህኩብሽ ጩኸት ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ኋላም እኔው የማበስልበት ሆስፒታል ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተኝተሽ ሳለ፣ ወደዚያ ክፍል የላክሁት ምግብ ሳይነካ ሲመለስ የሥራ ባልደረቦቼ እንዳላዩ ሆነው ያልፉኝ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። ፍርሃቴን ቁጣ አለበስኩት። ድነሽ ስትነሺ ለምን ያን ያህል ሩቅ ከተማ ሥራ እንደፈለግሽም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሦስት ፌንጣ አስገባሁና የእውነቴን ወጣሁ። ሬዲዮ ከፍቼ ድንች ላጥኩ፤ ለሦስት ሰው የሚበቃ ነበር ያሰብኩት፣ ለሠላሳ የሚበቃ ላጥኩ። ተመልሼ ስገባ የቀረው አንድ ፌንጣ ነው። እሜቴ ሞቃቱ ድንጋይ ላይ ተዘርግታለች፣ ከንፈሯ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ሮጬ "ሁለት በላች!" ብዬ ለእናትሽ ብነግራት "ታዲያ ምን ይጠበስ?" አለችኝ። ይህን ብላ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ትናንት ሐኪሟ ስትመዝናት ስልሳ ሁለት ግራም ሆናለች፤ ጅራቷ ልክ ነው፣ መንጋጋዋ ጠንክሯል። እርግጥ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ወረንጦውን ስታይ አሁንም አንገቷን ታሰግጋለች። እሁድ እሁድ አንድ ትል አላት፣ ከአንድ አላሳልፍም። ሐኪሟ ለሌሎች ደንበኞቿ የእኔን ታሪክ እንደምትነግር ሰምቻለሁ፤ ባትነግርም እኔው እነግራቸዋለሁ።

ቅዳሜ መጥተሽ ልትወስጃት መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ደህና አድርጌ ነው የማስረክብሽ። ስትደርሺ ምድጃው ላይ የምስር ሾርባ ይኖራል፣ ዳቦውም ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ለብሶ ይቆያል። እኔ ታች ግቢ ብስክሌቴን እየጠገንኩ እሆናለሁ፤ ሰንሰለቷ ብዙ ሥራ አለው፣ ስትፈልጊ ወርደሽ ታገኝኛለሽ። ድስቱን የምታጥበው እናትሽ ናት። ስንት እንደቀረ አልጠይቃትም።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የያዝሽውን ይባርክልሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

ወጥ ቤቱን ለቆ የወጣው፣
አባትሽ