የትርንጎ ዋስ

ሚያዝያ 28፣ ሰቆጣ። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ዛሬም የጫማ ስብሰባ። የውሃ መሐንዲሱ ሲሳይ እስከ ቅልጥሙ የሚታሰር ቦት ገዝቶ መጣ። ጃፓን ቤት በተገባ ቁጥር ጫማ ይወልቃል ስለው ማሰሪያውን አይቶ ተከዘ። ነርሷና መምህሩ ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኛል ደብተሬ! ዕድሜ ልኬን እርከን ሳሠራ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል፣ አራት ወጣት ባለሙያዎች ይዘህ ጃፓን ሂድ ተባልሁ። ባለፈው ዓመት የተራራ ገበሬዎቻቸው መጥተው የኛን እርከን አይተዋል፤ አሁን ተራው የኛ ነው። ሦስት ሳምንት። ባለቤቴ አዛለች “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ትለኛለች። ይህን እያለች ግን ሻንጣዬን በየቀኑ ከፍታ ሸሚዝ ታጥፋለች።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር። አራተኛዋ ቀረች። ትርንጎ፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ የደሃና ወረዳ ልጅ። አባቷ እምቢ ብለዋል። ታላቅ እህቷ ከዓመታት በፊት ጎህ ሳይቀድ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ዐረብ አገር ሄዳ ቀርታለች። ስትደውል ከእናቷ ጋር ታወራለች፤ አባትየው ስልኩን አይነኩም። ትርንጎ ፓስፖርት አላት፣ ደመወዝተኛ ናት፣ ማንም አያስራትም። ያለ አባቴ ምርቃት እግሬን አላነሳም አለች። ወደድኋት። ተናደድሁባትም።

ግንቦት 1፣ ደሃና።

መላ መጣልኝ። ሽማግሌ ሆኖ መሄድ። እኔ፣ አንድ ቄስና አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ። ጋቢ ለበስን፣ ከዘራ ያዝን፣ መኪናው ከቆመበት በእግር ወጣን፣ ደጃፉ ላይ በተርታ ቆምን።

ወይ ጉድ! ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ ሴት ልጅ ካለበት ደጅ ሲቆም ሰው ምን ያስባል? አክስቷ እልል አለች። ጎረቤት ጠላ ይዞ ደረሰ። አባትየው አያ ምትኩ ቆባቸውን አስተካክለው ተቀመጡና እንደ ወጉ ልጁ የማን ዘር እንደሆነ ጠየቁ። ልጅ የለም አልሁ። ጉዳዩ ጃፓን ነው አልሁ። ቄሱን ሳል ያዛቸው። አክስትየዋ እልልታዬን መልሱልኝ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቤቱ ሁሉ አብሯት።

አያ ምትኩ አልሳቁም። ከሚስታቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ብዙ ተነጋገሩ። ግን እኛ ሽማግሌ ብለን ቆመናላ! ሽማግሌን ባንድ ጊዜ እምቢ ብሎ መመለስ ነውር ነው። ዘመድ ላማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ አሉ። እምቢ አላሉም ደብተሬ። እምቢ አላሉም!

ግንቦት 8፣ ሰቆጣ። አመሻሽ።

ሄደን መጣን። ዛሬ ትርንጎም ነበረች፤ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ጣቷን ስታፍተለትል። አያ ምትኩ ነገር አላስረዘሙም። ዋስ ጥሩ አሉ። እኔ ነኝ አልሁ፤ አፌ ከልቤ ቀደመ። እጄን ያዙ። እጃቸው እንደ ማረሻ እርፍ ነው።

“እርስዎ ወስደው፣ እርስዎ ይመልሱልኛል።”

እሺ አልሁ። ልጅቷን አንበርክከው መረቋት፣ እትፍ እትፍ አሉባት፤ አለቀሰች፤ እናትየው አለቀሰች፤ ባልደረባዬ ሳይቀር። ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ዘፈንሁ። ቄሱ ብቻ ዋስነት ቀላል እንዳይመስልህ አሉኝ።

ሰኔ 5፣ ጃፓን። ረፋድ።

ደረስን! ዝናብ። ተራራ። መንደሩ ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት ነው፤ ወጣቱ ከተማ ገብቷል። ይህንስ እናውቀዋለን።

የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። ትርንጎ ባዶ እግሯን ስትሆን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መስሏት መቃኑን ተሳለመች። ነርሷም ተከተለቻት። ሲሳይ ገና ቦቱን እየፈታ ነው። አስተናጋጃችን፣ የእኔ እኩያ ገበሬ፣ ግራ ገብቷቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። እኔም ዝቅ አልሁ። እሳቸው ቀና ሳይሉ እኔ እንዴት ቀና ልበል? ጎንበስ እንዳልን ቀረን። በሞቴ ቀና ይበሉ ብዬ በአማርኛ ለመንሁ። አስተርጓሚዋ በሳቅ ሞተች፤ ወገቤም ሊሞት ነበር።

ከሰዓት በኋላ እርከናቸውን አሳዩኝ። የላላ ድንጋይ አየሁና ላስተካክል እጄን ስሰድ የሳቸውም እጅ እዚያው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

ሰኔ 13።

የሐዋርያት ጾም ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም ክርክር፤ ሲሳይ ይበላል ባይ፣ ነርሷ ደጀ ሰላም ድረስ ልትከስሰው። አስተናጋጆቻችን ከባቄላ ዓይነት የተሠራ እርጎ መሳይ ምግብና የባሕር ቅጠል አቀረቡ፤ አሁን መምህሩ ሦስተኛ ሳህን ካልጨመረ አይነሳም። ጭቃ ውስጥ ሩዝ ተከልን። ወደቅሁ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔ ከሁሉም በላይ። እንዲህ የሳቅሁት መቼ እንደነበር እንጃ።

ሰኔ 17።

ደስታዬን ቆረጧት። የፍየል እርባታ ያላቸው ባልና ሚስት ትርንጎን ወደዋታል። አንዲት ፍየል ምጥ አስቸግሯት፣ ትርንጎ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ግልገሉን አዙራ አወጣችው። ስድስት ወር ቆይታ ከእንስሳት ሐኪማቸው ጋር ትሥራ አሉ፤ የቪዛ ወረቀቱንም ሊያስጨርሱላት። ልቆይ ብላ መጣችብኝ።

ጮኽሁባት። ዋስ ነኝ አልኋት፤ አባትሽን ምን ዓይን ይዤ አያቸዋለሁ አልኋት። አንገቷን ደፍታ ሄደች። ልጅቷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ተምራ ብትመለስ የደሃና ፍየል ሁሉ ይጠቀማል። ግን ቃሌስ? ነገ ቁርጡን እነግራታለሁ፤ ከእኔ ጋር ትመለሳለች።

ሰኔ 18። ከሰዓት።

ቁርጡን ልነግራት ወረድሁ። ስልኳን ይዛ ደጅ ቆማለች። ዘረጋችልኝ። አያ ምትኩ ናቸው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥተው፣ ነፋሱ ይሰማል። ቀድማ ነግራቸዋለች። ሁሉንም።

አልተቆጡም። ትቆይ አሉ። ከዋስነቱ ወርደዋል አሉኝ። ጆሮዬን አላመንሁም፤ አስደገምኋቸው። ከዚያ፦

“ታላቅየዋም ብትነግረኝ ኖሮ፣ መርቄ ነበር የምሸኛት።”

ይህንኑ ለታላቅየዋ ይንገሩልኝ አሉ። እኔ አልችልበትም፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ደውለው አባትሽ መርቆሻል ይበሏት አሉ። ዘጉት።

አለቀስሁ ደብተሬ። ጃፓን ተራራ ላይ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስሁ። ሲሳይ ሮጦ መጣ፤ የሞተ ሰው ያለ መስሎት። የለም፣ የለም አልሁት።

ትርንጎ የእህቷን ቁጥር ሰጥታኝ አጠገቤ ተቀምጣለች። ዐረብ አገር አሁን ረፋድ ነው፣ ሥራ ላይ ትሆናለች አለች። ይሁን። አላሳድርም። እደውላለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፣ ስሜን እንኳ አታውቀውም። እየጠራ ነው። ትርንጎ ክንዴን ጨብጣለች። እየጠራ ነው። አነሳች—