ወልዴና የእጅ ቤንዚኑ

መስከረም 11 ቀን 1963፣ ወልቂጤ

ወልዴን አልምረውም። ትናንት ከሰዓት "መኪናህ ምንም የለበትም" ብሎ ቁልፉን የመለሰልኝ መካኒክ እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት አለቃዬን ይዤ ወደ አታት ስነዳ የእጅ ቤንዚኑ እንደገና አልመለስ አለ። ጎትተው ሲተዉት መኪናዋ ፍጥነቷን ይዛ ትሄዳለች፣ እግር ያርፋል፤ ሲገፉት መልቀቅ ነበረበት። አልለቀቀም። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ፍሬን ይዤ የሰው እንሰት ውስጥ ገባሁ። የአለቃዬ ግንባር ከመስተዋቱ ጋር ተላተመ። "እስከ መስቀል ካልተስተካከለ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር እሰጣለሁ" አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ነድቼ።

መስከረም 12

ከሰዓት መኪናዋን ለወልዴ ወሰድኩለት። ጎተተው፣ ገፋው፤ ለቀቀ። ሰው እየሰማ "መኪናዋ ደህና ናት፣ የታመመው ሾፌሩ ነው" አለ። ሳቁብኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማታ ቤንዚኑን የሚመልሰውን ሞላ ለወጥኩ። ካርቡራተሩን አጠብኩ።

መስከረም 13

ጠዋት ያው ነው። ቀን ላይ ደህና። ወልዴ ሆን ብሎ ያበላሸብኝ ይመስለኛል።

መስከረም 14

እስከ ቡታጅራ ላሉት ሾፌሮች ሁሉ ስሙን አጠፋለሁ። ዛሬ ለሦስት ነገርኩ፤ ሁለቱ ሊያሠሩ ያቆሙትን መኪናቸውን ከወልዴ ግቢ አወጡ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን መፍጠን አለብኝ። በአገራችን ቂም ተይዞ መስቀል አይበላም፤ ሽማግሌ ከገባ በቀሌ ቀረ።

መስከረም 15

ሽማግሌዎቹ ቀደሙኝ። ወልዴ አልተከራከረም። "አጥፍቼ ከሆነ ለመስቀል ብለህ ይቅር በለኝ" ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። በአፌ ይቅር አልኩ። "ነገ ማለዳ፣ ሳትሞቅ ልያት" አለኝ።

መስከረም 16

በብርዱ መጣ። የእጅ ቤንዚኑን የሽቦ ገመድ፣ ካቦውን፣ ከሽፋኑ መዝዞ አወጣው። ነጭ ነገር ረግቶበታል። አሸተተው።

"ቅቤ ነው። ማለዳ ይረጋል፣ ቀን ይቀልጣል። ማነው የቀባው?"

ባለቤቴ ተረፈች በሩ ላይ ቆማለች። "ለመስቀል ካጠራቀምኩት ማን እንደቀነሰብኝ አሁን ገባኝ" አለች።

ነሐሴ ላይ ካቦውን የማለሰልስበት ግራሶ ባጣሁ ጊዜ እኔው ነኝ የቀባሁት። አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

ወልዴ አልሳቀም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ካቦውን በጋዝ አጥቦ ግራሶ ቀባው። ጎተትኩ፣ ገፋሁ፤ ለቀቀ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቆያል። እሱ ግን ወደ ባዶ ግቢው ሄደ፤ መኪኖቹን ማን እንዳስወጣበት እስካሁን አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ አስታርቀውን ወደየቤታቸው ገብተዋል። ነገ መስቀል ነው። ሄጄ ልነግረው ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ ከበሩ ግን አልወጣሁም።