ስድስት መኪና ጠጠር

ይድረስ ከሩቅ ሆኜ ሁልጊዜ ለማስብህ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ገብረየስ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ያ አምና ያስቸገረህ ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህ ውብአየሁስ ደህና ናት? ልጄ አትክልትስ? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለህ ነበር፤ በቀለላት? ከብቱ፣ ማሳው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? ዘንድሮ በደጀን በኩል ዝናቡ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰምቼ፣ የጋሼ ማሳ ለእርሻ ለስልሶለት ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እጄ ሻክሯል እንጂ ጤናዬ ሙሉ ነው።

ፊደሉ የዶሮ ጭረት መስሎ ብታየው አትሳቅብኝ። እንደ ወትሮው በሰው አላስጻፍኩም፤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሰበታ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ማስቆጠር ሲጀመር ከሥራ መልስ እሄድ ነበር። ማንበቡን ያዝኩ፤ ቀጥሎም መደመርና ማባዛቱን። ዛሬ የማጫውትህ ነገር የመጣው ከዚያው ከማባዛቱ ነው።

ባሌ ከሞተ በኋላ ልጄን እናንተ ዘንድ ትቼ ስወጣ «ሥራ እስክይዝ፣ አንዲት ክፍል እስካገኝ» ብዬህ ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሞላው። እስካሁን የኖርኩት ከሦስት ሴቶች ጋር በአንዲት ጠባብ ቤት ነው፤ ልጅ የሚጋደምበት ቦታ የለውም። ባለፈው መጋቢት ግን አቶ ወንዳፍራሽ የሚባሉ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከሰበታ ዳገት ላይ የእንግዳ ማረፊያ አሠርተው ግቢውን አትክልት ሊያስተክሉ ሰው ሲፈልጉ በቀን ሥራ ገባሁ። አምስት ሴቶች ነን። ሥራው ሲያልቅ ከአምስታችን አንዷ ለአትክልቱ ተንከባካቢ ሆና እንደምትቀርና ከጓሮ ያለችው ክፍል የሷ እንደምትሆን በመጀመሪያው ቀን ነገሩን። ጋሼ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከዚያች ክፍል አልተነቀለም። ሌሎቹ ምሳቸውን ሲበሉ እኔ ደጃፏ ላይ ሄጄ እቀመጥ ነበር።

ችግኙ ተተክሎ ሲያልቅ ጌታው መንገዱንና የትልቁን ዝግባ ዙሪያ ጠጠር አልብሱልኝ አሉ። ጠጠሩም ሌላ እንዳይሆን፣ ሱሉልታ ካለ የድንጋይ ካባ የሚወጣው ግራጫው ነው ዓይናቸው የገባው። የካባው መንገድ ደግሞ ግንቦት ካለፈ በጭቃ ይዘጋል፤ መኪና አያስገባም። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ጠጠር ከወዲሁ አውቆ ማስጫን ግድ ነው። ቢያንስ እስከ መስከረም የሚጨመር የለም፤ ቢበዛም የሚጥሉበት ቦታ የለም።

ካቧችን ጎበና የሚባል ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በሕንጻ ሥራ የኖረ፣ ክፋት የሌለው፣ ግን በዓይኑ የሚመካ ሰው። ግቢውን ከበሩ ቆሞ አየና ሦስት መኪና ይበቃል አለ። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ በዚያ መንገድ ውሃ ስሸከም የከረምኩ ነኝና እግሬ እሺ አላለኝም። ከአናጺው ሜትር ተውሼ በገመድ ላይ ምልክት አደረግሁ። ዋናው መንገድ ርዝመቱ ስልሳ አምስት፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ሆነ። ከግቢው ታች ወዳለው ምንጭ የሚወርደው መንገድ አርባ በአንድ ተኩል። የዝግባው ዙሪያ ክብ ስለሆነ አስቸገረኝ፤ እሱን ሜትር በሜትር አድርጌ በእንጨት ከፋፈልኩና ጎዶሎዎቹን ሁለት ሁለቱን እንደ አንድ ቆጠርኩ። ሁሉም ሲደመር ሦስት መቶ ካሬ መጣ።

ከዚያ ደግሞ አንዱን ካሬ ለመሞከር ከበሩ አጠገብ በድንጋይ ከለልኩና፣ ለግንብ ከተረፈው ጠጠር በባዶ የላምባ ቆርቆሮ እየሰፈርኩ አራት ጣት እስኪሞላ ገለበጥኩበት። ከዚያ ካነሰ አፈሩ ይታያል፤ ከበዛ እግር ይውጣል። አራት ቆርቆሮ ጨረሰ። ለሦስት መቶው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቆርቆሮ ማለት ነው። መኪናው ስንት ቆርቆሮ እንደሚይዝ ግን አላውቅም ነበር። ስለዚህ በአንድ እሑድ ሾፌሩን ደገፋን ለምኜ አብሬው ሱሉልታ ሄድኩ፤ ጫኞቹ እየሳቁብኝም ቢሆን በቆርቆሮ እየሰፈሩ ጫኑልኝ። ሁለት መቶ ሃያ ያዘ። አካፍዬ ሳየው አምስት መኪና ተኩል ሆነ፤ የሚፈሰውንና የሚረገጠውን ጨምሬ ስድስት አልኩ።

እዚያ ቆሜ ሳለ የጎጃም አውቶቡስ አለፈ። ወደ እናንተ የሚወስደው መንገድ እኮ ነው። ብሳፈር ማታ ከልጄ ጋር ነኝ ብዬ አሰብኩ። ግን ባዶ እጄን ሄጄ ባዶ እጄን ልመለስ? ፊቴን አዞርኩና ወደ ቆርቆሮው ቆጠራዬ ተመለስኩ።

ስድስት መኪና ማለቴን ሲሰማ ጎበና ተቆጣ። ፊደል የቆጠረች ሁሉ መሐንዲስ ልትሆን ነው፣ እንጀራዬ ውስጥ አትግቢ አለኝ። ነገሩ ከጌታው ጆሮ ደረሰና ሁለታችንንም አስጠሩን። የለካሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ተርፎ ግቢዬ ውስጥ ቢከመር የምትጠየቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ስድስቱ መኪና ታዘዘ።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬ የጉራ ይሆን ነበር። አሁን ስህተቴን ስማኝ።

ዋናውን መንገድና የዝግባውን ዙሪያ ጨርሰን ወደ ምንጩ የሚወርደውንም አለበስን። ጠጠሩ በልኩ እየሄደ ነበር፤ ጎበና እንኳ መቆጣቱን ትቷል። በግንቦት አጋማሽ አንድ ከሰዓት ያልታሰበ ከባድ ዝናብ ጣለ። በነጋታው ስንገባ በታችኛው መንገድ ላይ ከሃያ ሜትር የሚበልጠው ጠጠር የለም። ጎርፍ አልወሰደውም፤ መሬቱ ውጦታል። እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ከአጥሩ ማዶ የሚያርሱ ኦቦ ቀጄላ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ድንጋጤዬን አይተው በበትራቸው ተደግፈው መጡ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ ኮቲቻ ነው። በጋ ድንጋይ ነው፣ ክረምት ገንፎ ነው። ምንም ብታበዪው አይጠግብም፤ መጀመሪያ ትልልቅ ድንጋይ አጉርሺው።» የግቢው ላይኛው በኩል ቀይ አፈር፣ ታችኛው በኩል ጥቁር አፈር መሆኑን በዓይኔ እያየሁ፣ ሙከራዬን ያደረግሁት ከበሩ አጠገብ ደረቁ ላይ ብቻ ነበር። ሂሳቤ አልተሳሳተም፤ እኔ ግን ተሳስቻለሁ።

ጌታው የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ሐሙስ። ጎበና ወደ ጎን ወሰደኝና በቀስታ መከረኝ። የመጨረሻው መኪና ጠጠር ግማሹ ገና አልተበተነም፤ ከላይ በስሱ እናልብሰው፣ ቅዳሜ አምሮ ይታያል፣ አንቺም ክፍልሽን ትረከቢያለሽ፤ በሐምሌ ቢሰምጥ የክረምቱ ጥፋት ነው አለኝ። በክፋት አልነበረም ጋሼ፤ ያዘነልኝ መስሎታል። አልዋሽህም፣ ልቤ አመነታ። የልጄ የአትክልት ፊት መጣብኝ። አንዲት ቅዳሜ ዝም ብል ልጄ እቅፌ ውስጥ ናት። ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ አሰብኩትና ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። በሐምሌ መሬቱ አፉን ሲከፍት ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ልጄን አምጥቼ ሳበቃ ከነልጄ ከበር ሊያስወጡኝ ነው? በውሸት ላይ የተዘረጋ አልጋ እንቅልፍ አይሰጥም። ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ጌታው ገና ከመኪና ሳይወርዱ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። «የለካሁት ልክ ነው፤ የለካሁበት ቦታ ግን ልክ አልነበረም። ጥፋቱ የካቦው አይደለም፣ የኔ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ምን ልታደርጊ ነው ቢሉኝ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ፣ ሌላ መኪና አልጠይቅም አልኩ። ካልሆነስ አሉኝ። ካልሆነ በራሴ እግር እወጣለሁ አልኳቸው። «እስከሚመጣው ቅዳሜ» ብለው ገቡ። ጎበና ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

ኦቦ ቀጄላ ማሳቸው ላይ ማረሻ የሚሰብር ድንጋይ ሞልቷቸዋል፤ ውሰዱልኝ፣ ምርቃት ነው የምጨምርላችሁ አሉ። በዚህ ጊዜ ሙከራዬን ያደረግሁት እዚያው ጭቃው ላይ ነው። አንዱን ካሬ ሁለት ስንዝር ቆፈርኩ፣ በትልልቁ ድንጋይ ሞላሁ፣ ውሃ አፈሰስኩበት፣ ጎበናን ዝለልበት አልኩት። እየሳቀ ዘለለ፤ አልሰመጠም። አራት ባሬላ ድንጋይ ነው የበላው። የሰመጠው ቦታ አርባ ካሬ ስለሆነ አንድ መቶ ስልሳ ባሬላ ይፈልጋል።

ባሬላ አራት እጀታ ያለው፣ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ሆኖ የሚሸከመው የእንጨት ቃሬዛ ነው። የኔ ባልደረባ ገለቴ ነበረች፤ የቡራዩ ልጅ ናት፣ ለዚያች ክፍል እንደኔው የምትጓጓ። ስለ ክፍሉ ሳትናገር ስድስት ቀን ሙሉ ተሸከመች፤ መጀመሪያ የኋላውን እጀታ ይዛ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ክብደቱ በፊተኛው ላይ ስለሚወድቅ፣ እጄ መቁሰሉን ስታይ ቦታ ለውጪ ብላ ፊት ሆነች። በአራተኛው ቀን ጎበና ኮቱን አውልቆ ሌላውን ባሬላ ያዘ። ብዙ ያልሰመጠውን ጠጠር ፍቀን አወጣን፣ አጠብነው። ድንጋዩ ከተነጠፈ በኋላ ለትርፍ ብዬ የጨመርኳት ግማሽ መኪና ላዩን ሸፈነች። መጨረሻ ላይ ከምንጩ አጠገብ ዐሥራ አንድ ቆርቆሮ ጎደለን። መኪናው ሲገባ ከበሩ ውጪ የፈሰሰውን ጠጠር ሴቶቹ ከአፈር እየነፉ ለቅመው ሞሉት። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ያለቀው እንዲህ ነው።

ጌታው አይተው በተረከዛቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉና ሄዱ። እኔም ክረምቱ ይፍረድ አልኩ። ሰኔ ዐሥራ አራት እንግዶች ጠርተው ሳለ ሰማዩ ተቀደደ፤ እንደዚያ ያለ ዝናብ ሰበታ ከገባሁ አላየሁም። ሲያባራ ጌታው አሮጊት እናታቸውን ክንዳቸውን ይዘው ወጡ። እኒያ እናት አምና ጭቃ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ከጣለ ከደጅ ወጥተው አያውቁም አሉ። በትራቸውን ጠጠሩ ላይ እየተከሉ፣ እየቆሙ፣ ደግሞ እየተራመዱ ታች ምንጩ ድረስ ወረዱ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ፊታቸውን አበሱና ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ይህን መንገድ የሠራው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጌታው ወደኔ አመለከቱ። ጎበና ባርኔጣውን አውልቆ፣ የለካችው እሷ ናት አለ። ገለቴ ከጎኔ ነበረች፤ እጇን ያዝኩና ከፊት የተሸከመችው ይህች ናት አልኩ።

ጋሼ፣ ክፍሏ የኔ ሆነች። ለገለቴም ሥራ አልጠፋም፤ ጎበና ቡራዩ ላይ አዲስ የያዘው ሥራ አለ፣ እዚያው ለሰፈሯ ቅርብ ስለሆነ ለሴቶቹ አለቃ አድርጎ ወስዷታል። እኔንም ጠጠር ለመለካት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እንድመጣለት ጠይቆኛል፤ እሺ ብዬዋለሁ።

አሁን የልጄን ነገር ልንገርህ። ትምህርት ቤቱን ጠይቄያለሁ፤ መስከረም ላይ ይቀበሏታል። ግን በሰው እጅ እንድትልካት አልፈልግም። አራት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ስሄድ ገና አራት ዓመቷ ነበር፤ እናቴ የምትለው ውብአየሁን ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አልቀየምም፤ ውብአየሁ ለልጄ የሆነችላትን እኔ አልሆንኩላትም። ለመስቀል ራሴ እመጣለሁ፣ ጌታውም ፈቅደውልኛል። አትክልትን አስቀምጬ በራሴ አፍ እጠይቃታለሁ። ያኔ እምቢ ካለችኝ ለፋሲካ ተመልሼ እጠይቃታለሁ፤ ለፋሲካም እምቢ ካለች ለሚመጣው መስቀል። እኔ መምጣቴን አልተውም።

ለውብአየሁ ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ። የአጎታችን የአባ ውቤ ዓይን እንደምን እንደሆነ ጻፍልኝ። ለጎረቤቶቻችን ለነእማሆይ ጥሩነሽ ሰላምታዬ በያሉበት ይድረስ። ልጄን ግን ጉንጯን ሳምልኝ አልልህም፤ እሱን ራሴ መጥቼ እስማለሁ። የላክሁላት ሰማያዊ ሹራብ እጅጌው ረዘም ያለ ነው፤ ስታድግ ልክ ይሆናታል።

እህትህ ስንዱ
ሰበታ፣ ሰኔ ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.